ድንጋይ የጨረሰ ቁልፍ

ጅማ ላይ ዝናብ ነው። ከዒሻ በኋላ
ደጅ ቆሜያለሁ፣ በጃንጥላ ጥላ፤
ቁልፉን እጫናለሁ፤ ቪትዟ ዝም አለች።
ደግሜ ተጫንኩት፤ እንደተኛች ቀረች።
ወደ ደረቴ ሳብኩት፣ ካገጬ ሥር ያዝኩት፣
ዱዓ እንደሚያደርግ ሰው ወደ ላይ ዘረጋሁት።
ምንም።
ከታች አዌቱ ሞልቶ ያጉረመርማል፤
የሰማኝ የጎረቤት ውሻ ብቻ ነው።

ነገ በሁለት ሰዓት አባቴን ለዓይኑ
ሆስፒታል ላደርስ ነው፤ ተቆርጧል ቀኑ።
ስምንት ወር ጠብቀን፣ ወረፋ ቆጥረን፣
ጣት የማታክል እቃ ነገ ልታስቀረን?

እሱ ፍራሹ ላይ፣ ራዲዮ አስጠግቶ፣
«ምን ሆነች?» አለኝ፣ ፊቱን ወደ ቁምሳጥኑ መልሶ፣ እኔን ስቶ።
«ድንጋይ ጨርሳ ነው።»
ሳቀ። ይህችን ቃል እኮ ሠላሳ አንድ ዓመት
ሒርማታ ገበያ፣ ባንዲት መስታወት ቤት፣
ሚስባህ ሰዓት ሠሪው ለስንቱ ተናግሯል፦
«አልሞተም ወንድሜ፣ ድንጋይ ጨርሶ ነው፤ ይድናል።»

«አምጪው። የብስኩቱን ቆርቆሮም አውርጂ።»
«አታይም እኮ አባ—» «አንቺ ታያለሽ እንጂ!
እኔ በጣቴ ነኝ። ቢስሚላህ በይና
ጎኑን ዳሰስ አርጊው፤ ስንጥቅ አለውና።»

አለው። ፀጉር እንኳን የማታልፍበት
የምትመስል ስንጥቅ። ቢላ ሰካሁበት።
«ራቁቱን አይደለም!» አለኝ በድምፁ ለይቶ፣
«ብረት ፕላስቲክን ይነክሳል ገብቶ፤
ጫፉን ጨርቅ አልብሺ። ደግሞ አትፈልቅቂ፤
ጠምዘዝ፣ ቀስ፣ ጠምዘዝ። ትንፋሽሽን ጠብቂ።»
ጠቅ።
ለሁለት ተከፈለ እንደ ባቄላ ክክ፤
ክብ፣ ብርማ ድንጋይ ባረንጓዴ መስክ።
በጥፍሬ ፈነቀልኳት፤ ዘላ መዳፌ ላይ ወደቀች።

«ፊቷን አንብቢልኝ።» «መደመር አለባት፤
ሲአር ሁለት ሺህ ሠላሳ ሁለት።» ዝም አለ ለጥቂት።
«ዓመተ ምሕረት ነው?»
«ቁጥሯ ነው አባ፣ ልኳ ነው።»
«ልክ ከሆነ ደግ። እኔስ የመሰለኝ
እስከዚያ ኑር ብሎ ሰው የቆጠረልኝ።»

የጎረቤት ልጅ፣ ቶፊቅ፣ ነጠላ ጫማውን
ጭቃ እያስጎረሰ አመጣ አዲሷን፤
አባቴ ዋጋዋን ሲሰማ ተቆጣ፦
«በዚህ ብር እኮ ድሮ ሰዓቱ ራሱ ይመጣ!»

«በወረንጦ ያዢ። ጣትሽ ወዝ አለው፤
ወዝ ይበላታል። ቤቷንም ጥረጊው።
መደመሯ ወዴት ነበር?»
ቆምኩ።
አሮጊቷን ሳወጣ አላስተዋልኩም።
የማየው እኔ ነኝ፤ እኔው ግን አላየሁም።
ቁልፉን ተቀበለኝ። ባውራ ጣቱ ጫፍ
ባዶውን ጎድጓዳ ዳሰሰው፣ ልክ እንደ ሕፃን አፍ
ጥርስ ወጥቶ እንደሁ እንደሚዳሰስ።
«መሃል ያለች ምላስ መቀነስ ትልሳለች፤
መደመሯ እንግዲህ ወደ ሰማይ ታያለች።»

ገጠምኩት። ጠቅ አለ። ተከፈተ መስኮቱ።
«እንካ፣ አንተ ተጫን።» ተነሣ በጉልበቱ።
ፍሬቻዋ በራ፤ ሁለት ጊዜ ብልጭታ፣
ጭቃውን፣ ሙዙን፣ አጥሩን ቢጫ ቀብታ።
ልነግረው አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።
«ሁለቴ ነው» አለኝ።
«ድምፁን ሰምተህ ነው?»
«ቢጫውን።»

ምንም አላልኩም። ዝናብ ይገባ ነበር፤ አልዘጋሁትም።

አሮጊቷን ድንጋይ አልጣላትም እሱ፤
ልጅ እንዳትውጣት ብሎ በፕላስተር ለብጦ፣ የቆየ ነው ሱሱ፣
ከስንቱ ክንድ ሰዓት ወጥተው ከተኙት
ቆርቆሮው ውስጥ ጨምሮ ነቀነቃቸው፤ ተንኳኩ፤ አዳመጠ ጥቂት።
«ነገ በጊዜ ቀስቅሺኝ፣ ረምላ።»
ራሱ ቀሰቀሰኝ፣ ገና አዛን ሳይል፣
ቁልፉን መዳፉ ውስጥ ይዞ፣ ባሥር ተኩል።